ዘጠኝ የነጭ ሽንኩርት መሣሪያ ገዝቼ ሦስቱን ብቻ ያስቀረሁበት ምክንያት

አንድ ቀን የወጥ ቤቴ መሳቢያ አልከፈት አለኝ። ስጎትተው ይመጣና መሐል ላይ ሲደርስ የሆነ ነገር ይይዘዋል። እጄን በጠባቡ ክፍተት አስገብቼ ስዳብስ ያገኘሁት የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ ነበር፤ እጀታው ተከፍቶ ከላይኛው ጣውላ ጋር ተወጥሯል። እንደምንም አጥፌ አወጣሁት። ከሥሩ ሌላ መጭመቂያ ተኝቷል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስቆጥራቸው ዘጠኝ ሆኑ። ዘጠኙም የተገዙት ለአንድ ሥራ፣ ለነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ግን ነጭ ሽንኩርት የላጥኩት በጥፍሬ፣ የከተፍኩትም በቢላዋ ነበር።

ራሴን ታዘብኩ። ዝም ብሎ ከመጣል ግን ዘጠኙንም በተራ፣ ለሙከራ ተብሎ ሳይሆን የዕለት ምግብ ሲሠራ፣ አንድ ወር ልጠቀምባቸው አልኩ፤ እጄ ሳላስበው የሚያነሳው ይቀራል፣ የማያነሳው ይሄዳል። በሙያዬ ምግብ አብሳይ አይደለሁም። በየቀኑ ማለት ይቻላል ጥቂት ፍሬ የምከትፍ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ለሳምንቱ ሁለትና ሦስት ራስ የምልጥ ተራ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች ያለውም ከዚያ ወር የተረፈኝ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ዕቃዎቹን በሁለት ጎራ መክፈል ነው። ሰባቱ የማድቀቂያ፣ ሁለቱ የመላጫ ሆኑ። ይህ አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም እኔን የሚያማርረኝ መላጡ እንጂ መክተፉ አይደለም። ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ያ ከጣት ጋር የሚጣበቅ፣ ከጥፍር ሥር የሚሰገሰግ ስስ ልጣጭ ነው። መክተፉማ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ልጣጩ ባናደደኝ ቁጥር ማድቀቂያ ስገዛ፣ ራሴን ሲያመኝ የሆድ መድኃኒት ስሸምት ኖሬያለሁ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት እጃችሁን ተመልከቱ። ጊዜያችሁን የሚበላው የትኛው ነው? መላጡ ነው፣ ማድቀቁ ነው፣ ወይስ ከዚያ በኋላ ያለው እጥበት? የሦስቱ መፍትሔ አንድ ዕቃ አይደለም።

ከመላጫ መሣሪያ በፊት ግን ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ መነጋገር ይሻላል። ነጭ ሽንኩርት ከመሬት ከተነቀለ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለሳምንታት ይደርቃል። በደንብ የደረቀው ልጣጩ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ከፍሬው ለመላቀቅም ትንሽ ሰበብ ብቻ ይፈልጋል። አዲስ የተነቀለው ልጣጩ እርጥብ ስለሆነ በመፈተግ ወይም በማንቀጥቀጥ አይሆንም፤ እንደ ጨርቅ በእጅ መግፈፍ ነው። ዓይነቱም ለውጥ አለው። አንደኛው ዓይነት መሐሉ ላይ እንደ እንጨት የጠነከረ አገዳ አለው፤ ፍሬዎቹ ጥቂትና ትልልቅ ሆነው አገዳውን ከበው ይቆማሉ፣ ልጣጫቸውም በቀላሉ ይወልቃል። ሁለተኛው አገዳው ለስላሳ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ ግን ፍሬው ብዙ ነው፣ ወደ መሐል በገባችሁ ቁጥርም እያነሰና ልጣጩ እየጠበቀ ይሄዳል።

ይህን የምለው ለእውቀት ያህል አይደለም። አንድ ትልቅ ፍሬ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከመሐል የሚወጣው ጥቃቅኑ አንዳንዱ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ተመሳሳይ መጠን ለማግኘት አንዱን አንድ ጊዜ መላጥ ወይም ሌላውን አምስት ጊዜ መላጥ የእናንተ ምርጫ ነው። ራሱን ስትመርጡ ጫን አድርጋችሁ ዳብሱት፤ ጠንካራ ይሁን፣ ፍሬዎቹ ከላይ ጎልተው ይታዩ፣ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ያላለበት ይሁን። እኔ ትልልቅ ፍሬ መምረጥ ከጀመርኩ ወዲህ የመላጥ ምሬቴ ግማሹ ያለ ምንም መሣሪያ ጠፍቷል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት ፍሬ ከቢላዋ የሚበልጥ መላጫ አላገኘሁም። የፍሬውን ጠንካራ ታች፣ ሥሩ የነበረበትን፣ ቆርጣችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ የሰፊ ቢላዋ ጎን ታስተኙበትና በመዳፋችሁ ጫን ትላላችሁ፤ ስለቱ ወደ ውጭ፣ ከእናንተ ርቆ ይዙር። ጠብ የሚል ድምፅ ሲሰማ ይበቃል፤ ልጣጩ ተሰንጥቆ በአንድ ጉተታ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቡጢ ሲደበድበው ነው። ያኔ ፍሬው ይበታተናል፣ ልጣጩም ከሥጋው ጋር ተለውሶ አንድ በአንድ መልቀም ይመጣል። ፍሬውን ሙሉውን ወይም በስሱ ተቆርጦ ከፈለጋችሁት ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፤ የተጨፈለቀ ነገር መልሶ ሙሉ አይሆንም።

እዚያ ላይ ነው የሲሊኮኑ ቱቦ ዋጋ ያገኘው። ስገዛው ሰዎች ስቀውብኛል፤ እውነትም መልኩ ከውሃ ቱቦ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል። ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ውስጡ ይጨመራል፣ በመዳፍ ጫን ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ ሲሊኮኑ ልጣጩን ይዞ ይቀድደዋል፣ ፍሬው ግን ሳይቆስል ይወጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት አልሠራልኝም ነበር። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት፤ አጥቤ ሳላደርቀው ነበር የምጠቀምበት። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ፍሬው ይንሸራተታል እንጂ አይፈተግም። ደረቅ ሲሆን፣ ፍሬውም ደረቅ ሲሆን፣ ከሦስት በላይ ሳይጨመርበት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ማንከባለል በቂ ነው። ጥቃቅኑን ፍሬ ግን አይችልም፤ ሳይነካቸው ያልፋል። ሌላው ጉድለቱ ሽታ መያዙ ነው። ሲሊኮን የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከያዘ አይለቅም፤ ስለዚህ ከሌላ ዕቃ ጋር አብራችሁ አታስቀምጡት።

ሁለተኛው መላጫ ውስጡ ጎርበጥባጣ የሆነ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ማሰሮ ነበር። ፍሬዎቹን ጨምሮ በኃይል ማንቀጥቀጥ ነው ሥራው። ሠርቷል፤ ግን ሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ገጥመው ቢንቀጠቀጡ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፣ ይበልጣሉም። አንድ ሙሉ ራስ ፈልቅቄ በሁለቱ ሳህኖች ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳንቀጠቅጥ ከአሥር ፍሬ ሰባት ስምንቱ ራቁታቸውን ወጡ። ጫጫታው ግን ለብቻው ነው፤ ሰው በተኛበት ሰዓት የሚሞከር አይደለም። ፍሬዎቹም እርስ በርስ ሲጋጩ ይቆስላሉ፤ የቆሰለ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ በዚያው ቀን ለሚደቅቅ እንጂ ለሚቀመጥ አላደርገውም።

ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አለ። ፍሬውን ፈልቅቆ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት መተው ልጣጩን ያለሰልሰዋል፤ ትዕግሥት ላለው፣ በተለይ ለጥቃቅኑ ፍሬ፣ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ማስገባትም ልጣጩን ያላቅቀዋል፤ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ይገፋዋል። ግን ሙቀቱ ሌላም ነገር ያደርጋል። ጠረኑ ይደበዝዛል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ወደማወራው ነገር ይወስደኛል፤ ለእኔም ትልቁ ትምህርት የነበረው ይኸው ነው።

ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫችሁ ላይ ብታደርጉት እምብዛም አይሸትም። የምናውቀው ኃይለኛ ሽታና የሚያቃጥል ጣዕም ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ስንቆርጠው ነው የሚፈጠረው። በፍሬው ውስጥ አሊን የሚባል ንጥረ ነገርና አሊናዝ የሚባል ኤንዛይም (ንጥረ ነገሩን ወደ ሌላ የሚለውጥ) ተለያይተው ይቀመጣሉ። ቢላዋው የሚለያያቸውን ግድግዳ ሲያፈርሰው ይገናኛሉ፤ በቅጽበትም ሽታውንና ቃጠሎውን የሚያመጣው አሊሲን ይወለዳል። አሊሲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ካቫሊቶ እና ቤይሊ የተባሉ የኬሚስትሪ ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1944 ነበር። ኤንዛይሙ ሙቀት አይችልም። ማይክሮዌቭ የገባው ፍሬ ጠረኑ የሚደክመው፣ ሙሉውን በምድጃ የተጠበሰ ራስም ጣፋጭና ገራም የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው፤ ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት አንደኛው ሞቷል።

ይህ ሲገባኝ ሰባቱን ማድቀቂያ የማይበት ዓይን ተለወጠ። ቀድሞ የትኛው ይፈጥናል ብዬ ነበር የምጠይቀው። ልዩነታቸው ግን ያለው ምን ያህሉን ግድግዳ እንደሚያፈርሱ ላይ ነው። በስሱ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ጥቂት ግድግዳ ብቻ ስለፈረሰበት ለስላሳ ነው። በቢላዋ ደቆ የተከተፈው ይጠነክራል። የተጨመቀው ከዚያ ይብሳል። በደቃቅ መፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀው ወይም ተወቅጦ የላመው ከሁሉም ይበረታል። አንድ ዓይነት ፍሬ፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ አራት የተለያየ ጣዕም።

ይህን ከማወቄ በፊት እንግዳ ጠርቼ ተዋርጄበታለሁ። ሁልጊዜ ለሰላጣ ማጣፈጫ ሁለት ፍሬ ከትፌ እጨምር ነበር። ያን ቀን አዲሱን መፈቅፈቂያ ላሳይ ብዬ ያንኑ ሁለት ፍሬ ፈቅፍቄ ጨመርኩ። መጀመሪያ የቀመሱት እንግዳ አንዴ ጎርሰው ውሃ ጠየቁ፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ምንም አላሉም። እኔ ራሴ ስቀምሰው ምላሴ ነደደ። አሁን ቢሆን ግማሽ ፍሬ ይበቃኛል፤ ያንንም የምፈቀፍቀው በቀጥታ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነው። አሲድ ኤንዛይሙን ስለሚያዳክመው ቃጠሎው ገና ከመወለዱ ይገታል። ፈቅፍቆ አሥር ደቂቃ አስቀምጦ በኋላ ሎሚ መጨመር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አሊሲኑ አንዴ ተወልዷል።

ለሚጠበስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደቃቁ ቶሎ ያርራል። የተጨመቀ ነጭ ሽንኩርት በጋለ ዘይት ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠቁራል፤ ያረረ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ መራራ ነው፣ ምሬቱንም ምንም ቅመም አይሸፍነውም። በቢላዋ የተከተፈው እኩል መጠን ካለው ፋታ ይሰጣል። እኩል ካልሆነ ግን ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው። በዚህ ምክንያት የሚጠበሰውን ሁሉ በቢላዋ፣ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ የሚበስለውን በመጭመቂያ ማድረግ ልማዴ ሆኗል።

ስለ ቢላዋ ትንሽ ልቆይ። ከዘጠኙ ውስጥ የለም፤ ግን ዘጠኙን ሁሉ የረታው እሱ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰፊ ጎንና የተሳለ ስለት። የደነዘ ቢላዋ ነጭ ሽንኩርትን አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል፤ ፍሬው ይንሸራተትና ጣት ይቆረጣል። የተላጠውን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቄ ጠፍጣፋ ጎኑን መክተፊያው ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አይንከባለልም። መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ካለ በቢላዋው ጫፍ አነሳዋለሁ። ለሚበስል ግድ የለም፣ በጥሬው ለሚበላ ግን ምሬት ያመጣል። ከዚያ ወደ ርዝመቱ፣ ከዚያ ወደ ጎን መቁረጥ ነው። ልም ከፈለግሁ ቁንጥጫ ጨው እበትንበትና የቢላዋውን ጎን አጋድሜ ወደ ራሴ እየጎተትኩ እደፈጥጠዋለሁ። የጨው ቅንጣት እንደ አሸዋ ሆኖ ይፈጨዋል፣ ውሃውንም ያወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመስታወት መክተፊያ ካላችሁ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት፤ ስለቱን ይገድለዋል። የፕላስቲኩ ደግሞ ሽታውን ያስቀራል፤ እኔ ለነጭ ሽንኩርት ብቻ የተለየች ትንሽ የእንጨት መክተፊያ አለችኝ።

ወደ መጭመቂያዎቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያው ቀላል አሉሚኒየም ነበር። በሙከራው ሁለተኛ ቀን አንድ ትልቅ ፍሬ ከትቼበት ስጫን እጀታው ከማጠፊያው ላይ ተሰበረ፤ ፍሬው ግን ምንም አልሆነም። አልፎ አልፎ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አስገባው ስለነበር ገጹ ግራጫና ዱቄት መሰል ሆኖ እጅ ያጠቁር ነበር፤ ያልተሸፈነ አሉሚኒየም የማጠቢያ ማሽን ሳሙና አይወድም። ሁለተኛው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከባድ ነው። በእጄ ስይዘው መዶሻ የያዝኩ ይመስለኛል። ይህኛው ተርፏል።

መጭመቂያ ስትገዙ እጀታውን ከፍታችሁ ዝጉት፤ ማጠፊያው ወደ ግራና ቀኝ ከተወላገደ አስቀምጡት። እጀታው ይርዘም፤ ረጅም እጀታ ጉልበት ይቆጥባል። ከዚያ ፍሬው የሚገባበትን ጎድጓዳ ተመልከቱ። ሰፊ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚገፋው ክፍል ዳር ዳሩን ሞልቶ መግባት አለበት፤ ክፍተት ካለ ፍሬው በቀዳዳው ከመውጣት ይልቅ በጎን ሽቅብ ያመልጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ክፍል ተነቅሎ ወይም ተገልብጦ የሚታጠብ ይሁን። የማይታጠብ መጭመቂያ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ፍሬውን ሳይላጡ ከትቶ መጭመቅ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው፤ ሥጋው ይወጣል፣ ልጣጩ ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ከልጣጩ ጋር የሚቀረውም ሥጋ ብዙ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ በኋላም ልጣጩን ማውጣት ግድ ነው። ለሁለት ፍሬ ጥሩ ነው፣ ለአሥር አይሆንም።

የሚሽከረከር ጎማ ያለው አንድ መጫወቻ የሚመስል ዕቃም ነበረኝ። እንዲያው ነበረ ከማለት በቀር የምለው የለኝም።

ቀስት የመሰለው፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዞ ፍሬው ላይ እየተወዛወዘ የሚጫነው ብረት ግን ያልጠበቅሁትን አሳየኝ። ለእኔ አልተመቸኝም፤ የደቀቀው በጀርባው በኩል ተጣብቆ ይቀራል፣ በማንኪያ መጥረግ ያስፈልጋል። አንድ ቀን እናቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ወጥ ቤት ሊያግዙኝ ተነሱ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ከደረቀ ቆይቷል፤ መጭመቂያውን መጨበጥ አይችሉም፣ የቢላዋ እጀታም ከእጃቸው ያመልጣል። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ያንን ቀስት አንስተው ጥቂት አገላበጡትና በሁለት መዳፋቸው ከላይ ተጫኑት። ሙሉ ክብደታቸውን አሳረፉበት እንጂ ጣታቸውን አላጠፉም። አራት ፍሬ በአንዴ አደቀቁ። “ይህ ለእኔ ይሁን” አሉ፤ ሄደ። የሲሊኮኑ ቱቦም በመዳፍ እንጂ በጣት ስለማይሠራ ሌላ ገዝቼ ላክሁላቸው። የእጅ ሕመም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ዕቃው መዳፍ ይፈልጋል ወይስ ጭብጥ ብላችሁ መጠየቅ ከብረቱ ዓይነት ይቀድማል።

ደቃቁ መፈቅፈቂያ የሚገርም ታሪክ አለው። ይህ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቃቅን ስለት ያለው መፈቅፈቂያ መጀመሪያ የተሠራው ለእንጨት ሥራ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 አንዲት ካናዳዊት የቤት እመቤት ለኬክ የሚሆን የብርቱካን ልጣጭ ለመፈቅፈቅ ተቸግራ የባለቤቷን የእንጨት መሞረጃ አንስታ ሞከረችው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ሥራው ድንቅ ነው። ፍሬውን ወደ ልም ይለውጠዋል፣ በውሃ ሥርም ወዲያው ይታጠባል። ክፉነቱ ጣት መውደዱ ነው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ መጨረሻው ላይ የሚፈቀፈቀው ነጭ ሽንኩርት ይሁን ቆዳ አይታወቅም። የሥሩን ጠንካራ ታች ሳይቆርጡ እሱን እንደ እጀታ ይዞ መፈቅፈቅ ይረዳል፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ መተው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ከደማሁ በኋላ ለእህቴ ሰጠኋት፤ እሷ ሰላጣ ወዳጅ ናት፣ ከእኔም ትጠነቀቃለች።

ለብዛት የሚሆኑት ሁለት ነበሩ። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መፍጫ፣ ሌላው ገመዱ ሲጎተት ውስጡ ያለው ስለት የሚሽከረከር ባለ ክዳን ዕቃ። የኤሌክትሪኩ ከአንድ ሙሉ ራስ ባነሰ ነጭ ሽንኩርት ላይ ከንቱ ነው፤ ስለቱ ፍሬዎቹን ግድግዳው ላይ ይለጥፋቸውና ባዶውን ይዞራል። ሁለት ራስ ሲሆን ይሠራል፣ ነገር ግን ግማሹ ልም፣ ግማሹ ጉራጅ ሆኖ ይወጣል። ዘይት ጠብ ማድረግና እየቆሙ መጥረግ ያሻሽለዋል። ባለ ገመዱ ቀርፋፋ ቢሆንም ዳኝነቱ በእጄ ነው፤ አሥር ጊዜ ስጎትት ሻካራ፣ ሃያ አምስት ጊዜ ስጎትት ደቃቅ ይሆናል። እሱን አስቀረሁት። ክዳኑን ግን ውሃ ውስጥ አትዝፈቁት፤ ገመዱ የተጠቀለለው እዚያ ውስጥ ነው፣ እርጥበት ከገባ መሽተት ይጀምራል።

ሙቀጫ ከዘጠኙ ውስጥ ያልቆጠርኩት ለነጭ ሽንኩርት ብዬ ስላልገዛሁት ነው። የድንጋይ ሙቀጫና ትንሽ ሻካራ ጨው ካለ ለልም የሚያህለው የለም፤ በመጀመሪያ ጨውና ፍሬውን አንድ ላይ፣ ፈሳሹን ደግሞ መጨረሻ ላይ። ፍሬው ተፈናጥሮ እንዳይወጣ በሌላው እጅ አፉን ከለል ማድረግ ነው። የእንጨት ሙቀጫ ሽታ ስለሚይዝ ሌላ ቅመም ባይወቀጥበት ጥሩ ነው።

ስለ እጥበት አንድ ነገር ብቻ። ነጭ ሽንኩርት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ነው። የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ሁሉ ድስቱ ገና እየፈላ እያለ ውሃ አስነኩት። መጭመቂያ ለማጠብ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከስፖንጅ ይበልጣል። የእጅ ሽታ ያጠፋል የሚባለውን በሳሙና ቅርጽ የተሠራ ብረትም ሞክሬያለሁ፤ በእኔ እጅ ላይ ከተራ ሳሙና የተለየ ነገር አላየሁበትም። በብዛት የምትልጡ ሰዎች ግን ከሽታው ይልቅ ቆዳችሁን እዩ። ነጭ ሽንኩርት በሚይዘው እጅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ጫፍ ላይ ቆዳው ደርቆ ከተሰነጠቀና ካልዳነ፣ ከራሱ ከነጭ ሽንኩርቱ የመጣ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ችግሩን የሚያመጣው ንጥረ ነገር ብዙ ዓይነት የላስቲክ ጓንት ዘልቆ ስለሚያልፍ ጓንት ማጥለቅ ብቻ አያስተማምንም፤ ለሐኪም ማሳየት ነው።

አሁን መላጡንም መክተፉንም ቅዳሜ ስጨርስ የማስቀምጥበትን መንገድ ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ስህተቱ ከጣዕም ያልፋል። ቀድሞ የደቀቀውን ዘይት ጨምሬበት ጠረጴዛ ላይ እተወው ነበር። ይህ አደገኛ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ዘር አብሮት ሊኖር ይችላል፤ ዘይቱ ደግሞ አየር ይከለክላል፣ ባክቴሪያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሽታውም ጣዕሙም ምንም አይናገርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን በዚህ መርዝ አሳምሟል። እኔ አሁን ዘይት የነካውን ከማቀዝቀዣ አላወጣውም፤ ከአራት ቀን በላይም አላቆየውም። ለረጅም ጊዜ የምፈልገውን ያለ ዘይት አድቅቄ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንደ ቀጭን ቂጣ እዘረጋውና በረዶ ቤት አስገባዋለሁ፤ ሲያስፈልግ በእጅ ይሰበራል። አንዳንዴ የደቀቀው ከአሲድ ጋር ሲቆይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህ በፍሬው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች የሚፈጥሩት ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ግን ሙሉ ዕቃ ደፍቻለሁ።

መሳቢያው ውስጥ የቀሩት እንግዲህ የሲሊኮኑ ቱቦ፣ ከባዱ መጭመቂያና ባለ ገመዱ ናቸው። ቱቦው ለብቻው በክዳን ዕቃ ውስጥ ነው። ያ የሚንቀጠቀጥ የፕላስቲክ ማሰሮ ደግሞ የልብስ ቁልፎች ማጠራቀሚያ ሆኗል፤ ክዳኑ ጥሩ አድርጎ ይገጥማል።